የእህት ድርሻ በእንግሊዝኛ

ጎረቤቴ የህንድ ሴት ናቸው፤ ራጃስታን ከሚባለው፣ አሸዋ ከሚበዛበት ክፍል። የምንኖረው ሆሎዌይ፣ ካውንስል ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሬ ከበራቸው ፊት ለፊት ነው። ሁለታችንም ብቻችንን ነን፤ የእሳቸው ባል ሞተዋል፣ የኔም ባለቤት እንዲሁ። እሳቸው እኔን «ባይ ሳብ» ይሉኛል፤ ወንድም ጋሼ እንደማለት ነው። እኔም ከእሳቸው ተምሬ «ቤንጂ» እላቸዋለሁ፤ እትዬ እንደማለት። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እዚህ ስጽፈው ግን በአንቱታ እጽፈዋለሁ፣ ምክንያቱም ድምፃችን የአንቱታ ድምፅ ነው።

የኛ እንግሊዝኛ ለኛ ይበቃናል። እኔ የተማርኩት እስከ ሰባተኛ ክፍል ነው፤ እሱንም አልጨረስኩትም። ያቺን ታህል እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ ግን ህንዶች ነበሩ፤ ያኔ በየአውራጃው ትምህርት ቤት የህንድ አስተማሪ አይጠፋም ነበር። ስለዚህ ለንደን እንደመጣሁ የፈረንጆቹ አነጋገር ጆሮዬ አልገባ ብሎ ሲያስቸግረኝ፣ የህንድ ሱቅ ስገባ ግን ሁሉም ነገር ወለል ይልልኝ ነበር። ልጄ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች። «አባዬ፣ አንተ እኮ ሳውንድ የምታደርገው ልክ እንደ ጎረቤትህ ነው» ትለኛለች።

ነገሩ የመጣው ብርዱ ቀለል ማለት ሲጀምር ነው። ቤንጂ ከአገራቸው ወረቀት መጣላቸው። የላኩት ወንድማቸው ናቸው። አባታቸው የተዉት መሬት በወንድምና በእህት ስም እኩል ተመዝግቦ ኖሯል። አሁን ወንድምየው አርጅተዋል፣ መሬቱን ለልጃቸው ሊያዞሩ ይፈልጋሉ፤ ለዚህም እህትየው ድርሻዬን ለወንድሜ ትቻለሁ ብለው መፈረም አለባቸው። እዚሁ ለንደን ኤምባሲያቸው ሄደው ይፈርሙና በፖስታ ይልኩታል። ዝናቡ ሳይገባ ቢደርስልን ጥሩ ነው የሚል ቃልም አብሮ መጥቷል።

በእሳቸው አገር እህት ድርሻዋን ለወንድሟ መተዋ ደንብ ነው። ለተወች እህት የወንድሟ ቤት ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ በበዓል ትሄዳለች፣ ልጇን ስትድር ወንድሟ ልብስ አሸክሞ ይመጣላታል። አልተውም ያለችውን ደግሞ ማንም ፊት ለፊት ክፉ አይናገራትም፤ ዝም ብሎ በሩ ይዘጋል። ይህን ሁሉ የነገሩኝ አተር እየፈለፈሉ ነው።

«ከፈረምኩ መሬት የለኝም፣ ባይ ሳብ። ካልፈረምኩ ወንድም የለኝም» አሉኝ።

«የትኛው ይሻላል?»

«መሬቱን ምን አደርገዋለሁ? ሆሎዌይ አላመጣው። ግን አባቴ ነው ስሜን ያስገባው። ሌሎች አባቶች የሴት ልጅ ስም አያስገቡም ነበር።»

አንድ ሴት ልጅ አለቻቸው። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ጥሩ ሥራ ያላት፣ ዊልስደን የምትኖር። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ሂንዲ ትሰማለች፣ ጥቂትም ትናገራለች፣ ፊደሉን ግን አታውቀውም። ወረቀቱን እንዳየች፣ «ማሚ፣ ይሄንን በእንግሊዝኛ ሳላነበው የትም ቦታ አትፈርሚም» አለች። እናቲቱም እሺ አሉ። በስልኳ ፎቶ አንስታ ብትሞክረው፣ ወረቀቱ ግማሹ በእጅ የተጻፈ፣ ቃሉም የድሮ ነውና፣ ስልኩ የማይሆን ነገር አወራ። ሟቹ ሰውዬ ሰባት ብስኩት ትተዋል አለ። ቢስዋ የሚባል የመሬት መለኪያ አላቸው፤ እሱን ነው። ቤንጂ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ስለዚህ እናት እያነበቡ፣ ልጅ በላፕቶፕ እየጻፈች፣ ራሳቸው ሊተረጉሙት ተስማሙ።

እኔ እዚያ ምን እሠራ ነበር? እውነቱን ለመናገር ሻይ እጠጣ ነበር። ቤንጂ የጠሩኝ ልጅቱ እንዳትጮህባቸው ነው። «እንግዳ ካለ ቀስ ብላ ትናገራለች» አሉኝ። እውነትም ቀስ ብላ ትናገር ነበር፤ ቢያንስ የመጀመሪያውን ሻይ ጠጥተን እስክንጨርስ።

ቤንጂ ቃል ከማስረዳታቸው በፊት አንድ ትሪ አወጡና ቀይ ምስር አፈሰሱበት። ምስሩን በጣታቸው እየከፋፈሉ ማሳ ማሳ አደረጉት። መካከሉ ላይ የቀረው ክፍት መስመር የማሳው ድንበር ነው። ይህ የአጎታችን፣ ይህ የኛ፣ እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ፣ እዚህ ጋ ከብት ያልፋል ይላሉ። እያንዳንዱ ማሳ ቁጥር አለው፤ ያቺን ቁጥር ሰው እንደ ልጁ ስም ያውቃታል። የሚለካውና የሚመዘግበው ፓትዋሪ የሚባል ሰው ነው።

«ክለርክ ብዬ ልጻፈው?» አለች ልጅቱ።

«ክለርክ! ፓትዋሪ ሲመጣ አባቴ አልጋውን አውጥቶ ዛፉ ሥር ያነጥፍለት ነበር። አንቺ ለክለርክ አልጋ ታነጥፊያለሽ?»

«እሺ፣ ማናጀር?»

«ለማናጀርስ ማን አልጋ ያነጥፋል?»

እኔ ደግሞ ወዲያው የኛ ጭቃ ሹም ትዝ አሉኝ። እሳቸው ሲመጡ የኛም ቤት እንደዚያ ነበር የሚሆነው። እኛም እንዲህ ያለ ሰው ነበረን አልኳት።

«በእንግሊዝኛ ምን ትሉታላችሁ፣ አንክል?»

አሰብኩ አሰብኩና ቃል በቃል ነገርኳት። የጭቃ አለቃ። ልጅቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ሁለቱም በአንድ ላይ በሳቅ ፈነዱ። «ማሚ፣ የጭቃ አለቃ ብዬ ለኤምባሲ አልልክም!» አለች። መጨረሻ ላይ ፓትዋሪን እንዳለ ተወችውና ከሥሩ የመንደሩን መሬት የሚለካና የሚመዘግብ ሹም ብላ ጻፈች።

ሳቁ ብዙም አልቆየ። ቀጥሎ የመጣው ቃል ካቴዳር የሚል ነው። አባታቸው በወረቀቱ ላይ ካቴዳር ተብለዋል። ልጅቱ ኢንተርኔት ላይ ፈለገችውና «ቴናንት ነው የሚለው» አለች። ተከራይ።

ቤንጂ የሻይ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ቴናንት እኔ ነኝ» አሉ። «የካውንስሉ ቴናንት። ባይ ሳብም ቴናንት ናቸው። ቧንቧው ሲፈነዳ ደውለን ሰው የምንለምን እኛ ነን። አባቴ ቴናንት አልነበረም። ያንን ጉድጓድ ያስቆፈረው እሱ ነው።»

«ሕጉ እኮ ነው እንዲህ የሚለው፣ ማሚ። መሬቱ የመንግሥት ነው፣ አያቴ ከመንግሥት የያዘው ነው ይላል።»

«መንግሥት መጥቶ አርሶት ያውቃል?»

እኔም በልቤ ጭሰኛ ሊሏቸው ነው ብዬ ደነገጥኩ። በኛ ዘመን ባለርስትን ጭሰኛ ብለህ ብትጠራው ዱላ ነው የሚነሣው። ኋላ ግን አንድ ነገር መጣልኝ። የወንድሜ ልጅ አገር ቤት ያርሳል፤ ደብተር ተሰጥቶታል፣ ደብተሩ ላይ ባለይዞታ ይለዋል። መሬቱ የመንግሥት ነው፣ እሱ ግን ይዞታል፣ ያርሰዋል፣ ለልጁም ያወርሰዋል። ተከራይም አይሉት፣ ጌታም አይሉት። ይህን እንደምንም አድርጌ ነገርኳቸው። ልጅቱ «ሆልደር» አለች ቀስ ብላ። ቤንጂ ቃሉን አፋቸው ውስጥ ትንሽ አቆዩት። «ሆልደር» አሉ። «እሺ። መያዙንስ ይዞት ነበር።»

እንዲህ እያልን ከላይ ወደ ታች ወረድን። የወረቀቱን ርዕስ ግን ዘለነው፤ ቤንጂ ናቸው በኋላ ያሉት። በመጨረሻ ወደ እሱ ተመለስን። ሃቅ ትያግ ይላል። ልጅቱ ምን ማለት ነው አለች። እናቲቱ ትሪውን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው፣ «እህት ድርሻዋን ለወንድሟ ስትተው ነው» አሉ።

«ስትተው ማለት ስትሰጥ? ስትሸጥ? ስታጣ?»

«ስትተው።»

«ማሚ፣ ስትተው የሚባል ሊጋል ቃል የለም።»

ድምፅዋ ከፍ ሲል እናቲቱ ወደ እኔ አዩ። የእንግድነት ሥራዬ ይኸው ነበርና ጣልቃ ገባሁ። ስለኛ አገር ነገርኳት። እኛ ዘንድ እህት ተድራ ስትሄድ ርስቷን አትሸጥም፣ አትሰጥም። በወንድሟ እጅ ትተወዋለች። ወንድሟ ያርስላታል፣ አዝመራ ሲገባ ካገኘው ይልክላታል። እሷ ብትመለስ፣ እሷ ባትመለስ ልጇ፣ ልጇ ባይሆን የልጅ ልጇ ትውልድ ቆጥሮ ቢመጣ፣ ድርሻው አለ። ርስት አይሞትም አልኳት። ስናገረው ራሴን ደስ እያለኝ ነበር፤ ብዙ ዘመን ያልተናገርኩት ነገር ነውና።

የልጅቱ ፊት ተፈታ። «እንደዚህ ነው እንዴ፣ ማሚ? በአጎቴ እጅ መተው ነው?»

ቤንጂ ምስሩን እያዩ ቆዩ። «እንደዚያ ነው» አሉ።

«ይሄማ ናይስ ነው» አለችና ጻፈችው። ድርሻዋን በወንድሟ እጅ ትታለች። «እንደዚህ ከሆነ ፈርሚ። ለምን ይሄን ያህል ተጨነቅሽ?»

የዚያን ቀን ደስ ብሎን ተለያየን።

በሳምንቱ መካከል፣ ጠዋት፣ በሬ ተንኳኳ። ቤንጂ ናቸው፤ የቤት ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ፣ ወረቀቱን በላስቲክ ይዘው። አልገቡም። እደጃፌ እንደቆሙ፣ «ባይ ሳብ፣ የጻፍነው እኮ የእርስዎን መንደር ነው» አሉኝ።

«እንዴት?»

«የኔ መንደር እንደዚያ አይደለም።»

አስገባኋቸው። ወንበር ላይ ተቀመጡና ርዕሱን በጣታቸው አሳዩኝ፤ እኔ እንደሆነ ፊደሉን አላውቀው፣ ግን አየሁላቸው። «ትያግ ማለት፣ ሰው ቤቱን ንብረቱን ጥሎ ጫካ ሲገባ የሚያደርገው ነው» አሉኝ። «የሚመንነው ሰው። እሱ ቤቱን በወንድሙ እጅ አይተውም። ዞሮም አያይም። ከፈረምኩ እኔ አልመለስበትም፣ ልጄም አትመለስበትም። እዚህ ታች ላይ ተጽፏል፣ አንብቤዋለሁ።»

«ቅዳሜ ለታ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

መነጽራቸውን አውልቀው በሻሻቸው ጠረጉ። «የልጄን ፊት አየሁት። ቃሉም ደስ አለኝ። እነዚህን ቀናት ሁሉ መሬቱ በወንድሜ እጅ ነበር። የኔ ድርሻ ይሄ ነው እያልኩ በማሳው ዳር ስሄድ ነበር፣ በሐሳቤ። ዛሬ ጠዋት ግን ወረቀቱን እንደገና አነበብኩት።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና፣ «የእርስዎስ አገር ግን እውነት ነው? እህት ተመልሳ ስትመጣ ይሰጧታል?» አሉኝ።

ይሰጧታል ልል አፌን ከፍቼ አክስቴ ትዝ አለችኝ።

የአባቴ እህት ናት። ሩቅ አገር ተድራ ሄዳ፣ ባሏ ሲሞት ልጇን ይዛ ተመለሰች። ድርሻዬን አለች። አባቴ እንኳን መጣሽ ብሎ በግ አረደላት። በጉ ከተበላ በኋላ ግን ነገሩ አውራጃ ፍርድ ቤት ደረሰ። ይህ በአባት በኩል ነው፣ ያ በእናት በኩል ነው፣ ይህን ያቀናሁት እኔ ነኝ እየተባባሉ ዓመታት ተካሰሱ። የሚገርመው፣ በቀጠሮ ቀን ጠዋት አብረው ነው የሚነሡት። መንገዱ ሩቅ ነውና ስንቃቸውን ከአንድ አገልግል ይበላሉ። ፍርድ ቤቱ በር ሲደርሱ ይለያያሉ። እዚያ ውስጥ አባቴ «ይህች ሴት» ይላታል፣ እሷም «ይህ ሰውዬ» ትለዋለች። ሲጨርሱ ደግሞ ያንኑ መንገድ አብረው ይመለሳሉ።

ቤንጂ ሳቁ። «ማን አሸነፈ?»

«ማንም። ፍርዱ ሳይወጣ መሬት ላራሹ ታወጀ። መሬቱ የሁለቱም መሆኑ ቀረ። ሬዲዮ ያለው ሰው ቤት ሄደው አብረው ነው የሰሙት። ሲመለሱ አባቴ፣ እንግዲህ ይኸው ሁለታችንም ተረታን አላት። እሷም ተገላገልን አለችው። እንደዚያ እያለች ታለቅስ ነበር።»

ቤንጂ አልሳቁም። «ምን ነበር የምትፈልገው?» አሉኝ።

ይህንን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። መሬቱን ነዋ፣ ድሃ ነበረች፣ ልጅ ነበራት ልል ነበር። እሱም እውነት ነው። ግን እናቴ አንድ ጊዜ የነገረችኝ ነገር ነበር። በጉ የታረደ ለታ አባቴ አክስቴን ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጣት። ቀድሞ ለሷ ተቆረሰላት፣ ቀድሞ ለሷ ተቀዳላት። እናቴ እንዳለችው የአክስቴ ፊት የተለወጠው ያኔ ነው። በተወለደችበት ቤት እንግዳ አደረጋት። ጓዳ ገብታ እንጀራውን ራሷ ብታወጣ፣ ማድጋውን ራሷ ብታነሳ ኖሮ ምናልባት ፍርድ ቤቱ ይቀር ነበር፤ ምናልባትም አይቀርም። ይህን ነው ለቤንጂ የነገርኳቸው።

ሲወጡ በሩን ይዘው፣ «ቅዳሜ ይምጡ» አሉኝ። «በዚህኛው ቅዳሜ ግን ልጄ ትጮሃለች።»

ጮኸችም። «ታዲያ ለምን እሺ አልሽኝ? እኔ እኮ አመንኩሽ!» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ሶሪ አንክል፣ እርስዎን አይደለም» አለችኝ። ላፕቶፑን ከፍታ ያንን ዓረፍተ ነገር አጠፋችው። እናቲቱ በቀስታ እየነገሯት፣ እሷ ከበድ ከበድ ያለ እንግሊዝኛ እየፈለገች አዲሱን ጻፈች። ለዘለዓለም ትታለች፣ ወደፊትም አትጠይቅም። ከሥሩ ያለውን መስመር ሲያነቡላት እጇ ቆመ።

«ልጆቿም? ይሄ ስለኔ ነው?»

«ስላንቺም ነው።»

«አይቼው የማላውቀውን ነገር ልተው ነው?»

«አዎ፣ ቤታ።» ቤታ ማለት ልጄ ነው።

ልጅቱ ትንሽ አሰበችና፣ «አጎቴስ ምን ይሰጥሻል? የቱ ጋ ነው የተጻፈው?» አለች። እናቲቱ ያንን መስመር አነበቡላት። ከወንድሟ ምንም ሳትቀበል፣ በፍቅር ትታለች ይላል።

«በፍቅር!» አለች። «በእንግሊዝኛ ይሄ ፍሪ ነው የሚባለው፣ ማሚ።»

«እሱ የሚሰጠው አይጻፍም። ይደረጋል እንጂ አይጻፍም» አሉ እናቲቱ። «እህት ስትፈርም ወንድሟ ሻሽ ያለብሳታል፣ አብረው ይበላሉ፣ እቤቱ ታድራለች። ያ ነው የሱ ፊርማ። እሱ ግን ወረቀቱን በፖስታ ላከው። የኔም ፊርማ በፖስታ እንዲመጣለት ፈለገ።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ። የተጨነቁበትን ነገር በሙሉ የሰማሁት ያኔ ነው ማለት ይቻላል። መፈረሙ አልነበረም፤ ከፈረሙም በኋላ በሩ ተዘግቶ እንዳይሆን ነው።

ከዚያ ብድግ ብለው ስልካቸውን አመጡ። «ወንድሜን እደውልለታለሁ። ኤምባሲ አልሄድም። እዚያው ሄጄ፣ ፓትዋሪው ባለበት፣ እቤታችን ደጃፍ ላይ ነው የምፈርመው።»

«በዚህ ጉልበትሽ?»

«የሚፈርመው እጄ ነው፤ ጉልበቴን ምን አገባው?»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረጉት፣ ድምፁም ለሁላችን ይሰማል። እኔ ሂንዲ አልሰማም፤ ልጅቱ ዝቅ ባለ ድምፅ ትነግረኝ ነበር። ወንድምየው መጀመሪያ በደስታ ነበር ያነሡት። ወሬው ሲነገራቸው ግን ሙቀቱ ከባድ ነው አሉ፣ ጉልበትሽ አሉ፣ ቲኬቱ ውድ ነው፣ ፖስታው እኮ ፈጣን ነው አሉ። ቤንጂ አስጨረሷቸው።

«ተድሬ ከዚያ በር ስወጣ እጄን ይዘህ ያስወጣኸኝ አንተ ነህ» አሏቸው። «እተውልሃለሁ። እተውልሃለሁ እያልኩህ ነው። ግን መጥቼ።»

ከዚያኛው ወገን የሆነ ሞተር ይሰማል፣ ከብት ይጮሃል። ወንድምየው አንድ ነገር ተናገሩና ስልኩ ተዘጋ።

«ምን አሉ?» አልኳት ልጅቱን።

«እደውላለሁ ነው ያለው።»

ላፕቶፑን ዘጋችው። «እኔም እሄዳለሁ» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። «የምተወው ነገር ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ ልየው።»

ወንድምየው ግን አልደወሉም። ቤንጂ ጠዋት ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ሲያገኙኝ ራሳቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ፤ እኔም አልጠይቅም። ስልካቸውን ሱቅም ሲወርዱ በእጃቸው ይዘውት ነው። አንድ ቀን ለልጄ በስልክ ነገሩን ሁሉ አወራኋት።

«አባዬ፣ ሊጋል ነገር ላይ ለሰው አድቫይስ ታደርጋለህ?»

«አድቫይስ አላደረግሁም። ስለ ርስት ነው የነገርኳቸው።»

«ርስት ምንድን ነው?»

ልጄ አማርኛ ትናገራለች፣ ግን ይህን ቃል ከየት ትስማው? እቤታችን ተነሥቶ አያውቅም። መሬት ነው አልኳት። «ላንድ በለኛ» አለች። ላንድ ብቻ አይደለም፣ ከአባት ከእናት የሚመጣ ነው አልኳት። «ኢንሄሪታንስ» አለች። እሱም ብቻ አይደለም አልኳትና ሌላ ቃል አጣሁ። የቤንጂ ልጅ ቢያንስ የምትተረጉመው ወረቀት፣ ሄዳ የምታየው ማሳ አላት። ለኔ ልጅ የቀረላት የአባቷ ወሬ ነው፤ እሱንም እኔ አሳምሬ ነው የማወራው። አክስቴን ትቼ፣ ርስት አይሞትም እያልኩ። ስለዚህ የአክስቴን ነገር አወራኋት፤ በጉንም፣ አገልግሉንም፣ ፍርድ ቤቱንም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «ለምን ነግረኸኝ አታውቅም?» አለችኝ። ጠይቀሽኝ አታውቂም አልኳት። «ምን ብዬ ልጠይቅህ? ቃሉን አላውቀው» አለች። እውነቷን ነው።

ቤንጂ እንደገና በሬን ያንኳኩት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ፊታቸውን አይቼ ምን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ሻሻቸው በደንብ ተስተካክሏል፣ ስልኩ እጃቸው ላይ የለም።

«ደወለ» አሉኝ።

«ምን አሉ?»

«ስለ ዝናቡ አወራ። ስለሚያልቧት ጎሽ አወራ፣ ወልዳለች። የጎረቤቱ ልጅ ሞተር ብስክሌት ገዝቶ እንደወደቀ አወራ። እኔ ዝም ብዬ ሰማሁት። ከዚያ ከዝናቡ በኋላ ነይ አለኝ።»

«እሰይ! በቃ እንግዲህ!»

«ቆይ፣ ባይ ሳብ። ልዘጋው ስል ደግሞ፣ ክፍልሽን እህል ሞልተነዋል፣ እስክናወጣው ትንሽ ታገሺን አለኝ።»

ይህን ብለው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

«‹ክፍልሽ› ነው ያለኝ» አሉ። «አግብቼ የወጣሁት ልጅ ሆኜ ነው። እስከ ዛሬ ‹ክፍልሽ› አለኝ።»

እንደ መሳቅ ብለው አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ። «ታዲያ ይፈርማሉ?» አልኳቸው።

«እፈርማለሁ» አሉ ቤንጂ። «እህሉን ካወጡት በኋላ።»